ከፍራንክፈርት በር እስከ ፖስታ ሳጥኑ፦ ለትምህርት ወደ ጀርመን ለሚሄዱ የተደረገ ንግግር

(ለትምህርት ወደ ጀርመን ለመሄድ ለተዘጋጁ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው አዲስ አበባ ላይ ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ። ለንባብ እንዲመች አንዳንዱን አሳጥሬ፣ በመጨረሻ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂቱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ወላጆች አብራችሁ መምጣታችሁ ጥሩ ሆኗል፤ ዛሬ ከምናገረው ውስጥ አንዱ ትልቅ ክፍል የሚመለከተው ሻንጣ የሚሞሉትን እናቶች ነውና።

ከእኛ አገር ወደ ጀርመን መሄድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረቱ የእሳቸው እውቀት ነው። እሳቸውን የጋበዛቸው የጎታው መስፍን ነበር። እናንተን የሚያስገባችሁ ግን ወረቀት ነው፤ ከገባችሁ በኋላም የሚያቆያችሁ ወረቀት ነው።

እዚህ ደንብ የምንማረው ከሰው ነው። ወረዳ ስንሄድ መጀመሪያ የምናናግረው በር ላይ የተቀመጠውን ጥበቃ ነው፤ "ይሄ ጉዳይ የት ነው የሚያልቀው?" ብለን ጠይቀን እንገባለን። ጉዳዩን ከእኛ በፊት የጨረሰ ጎረቤትም አይጠፋም። ጀርመን ውስጥ ደንቡ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ታነቡታላችሁ ተብሎ ነው የሚታሰበው። ባታነቡት ማንም ተከትሎ አይነግራችሁም፣ ቅጣቱ ግን በሰዓቱ ይደርሳል። ብዙ ልጆቻችን የሚጎዱት "አንድ ሰው ይነግረኛል" ብለው ሲጠብቁ ነው። ይህን ይዛችሁ የቀረውን ስሙ።

የቪዛውን ነገር ብዙዎቻችሁ ስለጨረሳችሁት በአጭሩ ልለፈው። የኑሮ ወጪያችሁን መሸፈን እንደምትችሉ ለማሳየት ገንዘብ አስቀድማችሁ የምታስገቡበት፣ ዝግ የሚባለው የባንክ ሂሳብ አሁን በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ የእናንተ ቢሆንም በየወሩ ከተወሰነው በላይ ማውጣት አይቻልም። ገና በሂደት ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። ቀድሞ ቪዛ የተከለከለ ሰው ለኤምባሲው አቤቱታ ጽፎ እንደገና እንዲታይለት ያደርግ ነበር፤ ይህ አሠራር ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ምርጫ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ነው። ስለዚህ "ከከለከሉኝ አስረዳለሁ" ብላችሁ የጎደለ ፋይል አታስገቡ፤ ማስረዳቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን።

ስምና የልደት ቀንን በተመለከተ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል የተጻፈበትን አጻጻፍ ዲፕሎማውም፣ የልደት ሰርተፍኬቱም፣ የባንኩም ወረቀት አንድ ፊደል ሳይቀር መከተል አለበት። ጸሐይን አንዱ ቢሮ በ"ቲ" አንዱ በ"ኤስ" ቢጀምራት ለእኛ ያችው ጸሐይ ናት፤ ለጀርመን ጸሐፊ ሁለት ሰው ናቸው። የልደት ቀኑም ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲዞር በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። ይህን እዚህ ማስተካከል ቢያደክምም እዚያ ሆኖ ከማስተካከል ይቀላል። የሚያስፈልጋችሁን ሰነድ ሁሉ አስተርጉማችሁ፣ አስመስክራችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። አብዛኞቻችሁ ሌሊት ከቦሌ ተነስታችሁ ጠዋት ፍራንክፈርት ትደርሳላችሁ። መስኮቱ ላይ የሚጠብቃችሁ የፌዴራል ፖሊስ ነው። ቪዛ መያዝ ብቻውን አያስገባም፤ የምትሄዱበትን፣ የምትቆዩበትን ጊዜና ወጪያችሁን የሚሸፍነውን መጠየቅ ይችላል። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ የባንኩ ማረጋገጫ፣ ኢንሹራንሱና የምታርፉበት አድራሻ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተቀመጡ ሻንጣው ያለው ከፖሊሱ ወዲያ ነው። መልሳችሁ አጭርና እውነት ይሁን፤ ያልተጠየቃችሁትን ታሪክ አትተርኩ።

ከዚያ ጉምሩክ አለ። እናቶች፣ አሁን ጆሮ ስጡኝ።

ቅቤ አይገባም። ንጥርም ይሁን ለጋ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ በፎጣ ቢሸፈንም አይገባም። አይብ አይገባም። ቋንጣ አይገባም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና ወተት፣ የሥጋና የወተት ውጤትም ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። "ለራሴ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ነው" ማለት አያድንም። ተወስዶ ይወገዳል፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ደንቡ የመጣው እናንተን ለማስቸገር አይደለም፤ የከብት በሽታ ፍራቻ ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በርሊን አጠገብ ብራንደንቡርግ ውስጥ በጎሾች ላይ አፍተግር ተገኝቶ ነበር። ጀርመን ከ1988 ወዲህ አይታው አታውቅም፤ አገሪቱ ምን ያህል እንደደነገጠች ያየ ሰው የጉምሩኩን ጥብቅነት አይገርመውም።

የሚገባው ብዙ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ በሶ፣ ቆሎ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ቆሎ፣ ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ የተሠራ ድርቆሽ። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። ትኩስ ቅጠላ ቅጠልና አብዛኛው ፍራፍሬ ግን የእጽዋት ጤና ሰርተፍኬት ስለሚጠይቅ ጤናዳሙንና በሶብላውን አድርቁት። ቡና ደግሞ የተለየ ነገር አለው። ጀርመን ቡና ላይ የራሷ ግብር አላት፤ በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ ይከፈላል፤ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ዋጋም ይህን ያካተተ ነው። ጥሬ ቡና ግን ይህ ግብር የለበትም። ለመንገደኛ ለግሉ በሚይዘው ልክ ችግሩ ያን ያህል ባይሆንም፣ እኔ ብሆን ጥሬውን ነው የምይዘው፤ ያው ቆልተን መጠጣት የምንወድ ሰዎች ነን። በአየር የሚመጣ መንገደኛ በአጠቃላይ እስከ 430 ዩሮ የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል። አረቄ አንድ ሊትር ብቻ። ጥሬ ገንዘብ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳትጠየቁ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ጫት እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕጽ የሚታይ የተከለከለ ነገር ነው። "ለአጎቴ አድርስልኝ" ብሎ የታሸገ ነገር የሚሰጣችሁን ሰው ፊት ለፊቱ ክፈቱት። ቅር ቢለው ይበለው።

የሚያስመዘግቡት ዕቃ የሌላቸው በሚያልፉበት የጉምሩኩ አረንጓዴ መስመር ወጥታችሁ "ገባሁ" ብትሉ ግን አልገባችሁም። ወሳኙ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጡት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው።

ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለከተማው ጽሕፈት ቤት አድራሻችሁን ማስመዝገብ አለባችሁ፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ለዚህ አከራዩ "እዚህ ቤት ገብቷል" ብሎ የፈረመበት ቅጽ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውል ብቻውን አይበቃም። ቤት ስትፈልጉ ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ማስመዝገብ እችላለሁ?" ይሁን። "ተኛበት፣ ግን አትመዝገብ" የሚላችሁ ሰው የሰጣችሁ ማደሪያ እንጂ አድራሻ አይደለም። ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ምዝገባ ላይ ነው። ካልተመዘገባችሁ 11 አሃዝ ያለው የግብር መለያ ቁጥር አይላክላችሁም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻችሁ አይንቀሳቀስም፣ ብዙ ባንኮችም ሂሳብ አይከፍቱላችሁም። ቤት በቀየራችሁ ቁጥርም ያው ሁለት ሳምንት እንደገና ይቆጠራል።

ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ሣጥን አለ። ይህን ብዙ ሰው እንደ ዋዛ ያልፈዋል። ጀርመን ውስጥ የካቶሊክና የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አባላት የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚከፍሉት በመንግሥት በኩል ነው። በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ የገቢ ግብራችሁን 8 በመቶ፣ በሌሎቹ ክልሎች 9 በመቶ ያህላል። ከእኛ የመካነ ኢየሱስ ወይም የሙሉ ወንጌል ልጅ በቅንነት "ወንጌላዊ" ብሎ ሲሞላ፣ መዝገቡ የጀርመኗ ቤተ ክርስቲያን አባል ሊያደርገው ይችላል። ተማሪ ሳለ ስለማይቆረጥበት አያውቀውም፤ ሥራ ሲይዝ ደመወዙ ላይ ያየዋል። ለመውጣትም በአካል ቀርቦ መፈረም ያስፈልጋል። መክፈል የሚፈልግ ይክፈል፤ መልካም ሥራ የሚሠሩ ቤተ ክርስቲያናት ናቸው። ሳያውቁ መክፈል ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ፖስታ ሳጥኑ። ጀርመን ውስጥ መንግሥት የሚያነጋግራችሁ በደብዳቤ ነው። ስልክ አይደውልም፣ በቴሌግራም አይልክም። ፖስተኛው ደግሞ የሚያየው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም እንጂ የክፍል ቁጥር አይደለም። ስማችሁ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። አንድ የማውቀው ልጅ ጓደኛው ዘንድ በደባልነት ገብቶ በሥርዓት ተመዘገበ፤ ሳጥኑ ላይ የነበረው ስም ግን የጓደኛው ብቻ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮው ደብዳቤ መጥቶ ተመለሰ። እሱ "እስኪጠሩኝ" ብሎ ሲጠብቅ እነሱ "አልቀረበም" ብለው ፋይሉን ወደ ጎን አደረጉት። ነገሩን ለማስተካከል ወራት ፈጀበት። የሚያድነው በፕላስተር የተለጠፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን ሳጥኑም ላይ፣ ደወሉም ላይ ስማችሁን ለጥፉ።

ከሚመጡት ደብዳቤዎች ቢጫ ፖስታ፣ ማለትም የመንግሥት ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ፣ ካያችሁ በዚያው ቀን ክፈቱ። ፖስተኛው ያደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ይጽፋል፤ ሳጥን ውስጥ ከገባ ደረሳችሁ ማለት ነው፣ ባታነቡትም ጊዜው መቁጠር ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለውን ውሳኔ ለመቃወም ያላችሁ ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር ነው። ቋንቋው ከከበዳችሁ ዩኒቨርሲቲው ያለውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። መሳቢያ ውስጥ መክተት መልስ አይሆንም።

ሌላ በተደጋጋሚ የሚመጣ ደብዳቤ አለ፤ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ። በወር 18.36 ዩሮ ነው፤ ቴሌቪዥን ኖራችሁም አልኖራችሁም ይከፈላል። የሚከፈለው ግን በሰው ሳይሆን በቤት ነው። ሦስት ሆናችሁ አንድ አፓርታማ ከተከራያችሁ አንዱ ይከፍላል፣ ሌሎቻችሁ የእሱን የክፍያ ቁጥር ጽፋችሁ ትመልሳላችሁ፣ ሂሳቡን ትካፈላላችሁ። ዝም ካላችሁ ለየብቻ ይጠይቋችኋል። ፊልምና ኳስ በቶረንት የምታወርዱ ደግሞ ልማዱን ቦሌ ጥላችሁት ሂዱ። በኢንተርኔት መስመሩ ባለቤት ስም ከባለመብቱ ጠበቃ ደብዳቤ ይመጣል፣ የሚጠየቀውም በመቶዎች ዩሮ ነው። መስመሩ የአከራያችሁ ከሆነ ከደብዳቤው ይልቅ የአከራዩን ፊት ነው የምትፈሩት።

ጤና መድኅን ላይ ደግሞ ከ30 ዓመት በታች ያላችሁ በመንግሥታዊው የተማሪ መድኅን መግባት ትችላላችሁ። ርካሽ የግል ኢንሹራንስ መርጣችሁ ከዚህ ነጻ ልሁን ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ትምህርታችሁ እስኪያልቅ መመለስ አይቻልም። ሥራን በተመለከተ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቀዳል። የሠራችሁትን ቀን ራሳችሁ መዝግባችሁ ያዙ።

አሁን ትንሽ ስለ ሰው ልማድ ላውራ፤ ይህ እንኳ በቢጫ ፖስታ አይመጣም።

ሰዓትን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ 8:30 የሚል ቀጠሮ የእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጠዋት! ስልካችሁ ያውቀዋል፣ ጭንቅላታችሁ ግን ጥቂት ወር ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መድረስ እንጂ በሰዓቱ መሮጥ አይመከርም። ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል ስትገቡ ለማታውቁት ሰው ሁሉ ሰላምታ ስጡ፤ ደረጃ ላይም ጎረቤት ስታገኙ እንዲሁ። ጀርመን ቀዝቃዛ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያይ ይገርመዋል። በእድሜ የሚበልጣችሁን "አንቱ" ብላችሁ ጀምሩ፤ "አንተ በለኝ" የማለት መብቱ የእሱ ነው። ይህ እንኳ ለእኛ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረን ማዕድ ነው። እዚህ ሰው ቤት ስንሄድ "ብሉ" ስንባል መጀመሪያ "በልቻለሁ" እንላለን፤ ባለቤቷ "በሞቴ!" ትላለች፣ እንደገና እንግደረደራለን፣ ከዚያ እንበላለን። ጀርመን አንዴ ነው የሚጠይቀው። "አይ፣ አመሰግናለሁ" ካላችሁ አመስግኗችሁ ሳህኑን ያነሳል፣ እናንተም ተርባችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። እሱ ያከበራችሁ መስሎታል። ምግብ ቤት ሲወጣም ሂሳብ በየራስ ነው፤ አስተናጋጁ "በአንድ ወይስ ለየብቻ?" ብሎ ይጠይቃል። ለሂሳብ መጋፋት አያስፈልግም፤ ብትጋፉ ግር ይላቸዋል። ልደት ላይ ኬክ የሚያመጣው ባለልደቱ ራሱ ነው። ከቀኑ አስቀድሞ "እንኳን ተወለድክ" ማለት መጥፎ ዕድል ያመጣል ይላሉ፤ ስለዚህ ቀኑን ጠብቁ። ሳይደውሉ ሰው ቤት መሄድም አይታሰብም።

እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ሳትገዙ ካደራችሁ ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ሱቆች ያድኗችኋል፣ በውድ። እሁድ ግድግዳ አይበሳም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙዚቃ ከክፍላችሁ አይውጣ። ጎረቤት መጀመሪያ በሩን ያንኳኳል፣ ቀጥሎ ማስታወሻ ይለጥፋል፣ ቀጥሎ ለአከራይ ይጽፋል፤ ማስታወሻው ላይ ነገሩን ብትቋጩት ጥሩ ነው። ሽቱትጋርትና አካባቢዋ የምትሄዱ ደግሞ አንድ ቀን በራችሁ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። ያን ሳምንት ደረጃውን የምትጠርጉት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ስትጨርሱ ሰሌዳውን ወደ ቀጣዩ በር ታዛውሩታላችሁ። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ልማድ ይህ ነው። ፕሮፌሰሩም ተማሪውም በተራው ይጠርጋል።

የፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ አትጣሉ፤ ስትገዙ 25 ሳንቲም ከፍላችሁበታል፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ማሽን ይመልስላችኋል። ባቡር ያለ ትኬት መሳፈር 60 ዩሮ ያስቀጣል። በአንዳንድ ከተማ የወረቀት ትኬት ማሽን ውስጥ ካልታተመ እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቱ እነሆ።

አንዲት እናት ጠየቁኝ፦ "ልጄ ቡና ማፍላት ትችላለች?"

ማፍላቱ ምንም አይደል እናቴ፣ መቁላቱ ነው ነገሩ። ጀርመን ውስጥ መኝታ ክፍልና ኮሪደር ጣሪያ ላይ የጭስ መቆጣጠሪያ መኖሩ ግዴታ ነው። ጭሱ ከጀበናው በፊት ይደርሳል፤ ዕጣን ከተጨመረበት አይጠየቅም። በአንዳንድ ማደሪያዎች መሣሪያው በቀጥታ ከእሳት አደጋ ጋር የተገናኘ ስለሆነ መኪናው ይመጣል፣ ሂሳቡም ሊላክባት ይችላል። መሣሪያውን መንቀል ክልክል ነው። ማድ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታ፣ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከፍታ ጥቂት ጥቂት ትቁላ። ዕጣኑን ለቤተ ክርስቲያን ታቆየው። ጎረቤቷን አንድ ሲኒ ብትጋብዝ ደግሞ ለቀጣዩ ጭስ ይቅርታ ማግኘቷ አይቀርም።

አንድ ወጣት ደግሞ፦ "የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ ቪዛዬ ካለቀ በኋላ ቢሰጠኝስ?"

ዋናው ቀጠሮው አይደለም፤ ቪዛው ሳያልቅ ማመልከትህ ነው። በጊዜው ካመለከትክ ውሳኔ እስኪሰጥ ቆይታህ ሕጋዊ ነው፤ ይህን የሚያሳይ ጊዜያዊ ወረቀትም ይሰጣል። ያመለከትክበትን ማስረጃ ግን ኢሜይልም ቢሆን አትመህ ያዝ። ወረቀቱ በእጅህ ሳይገባ ደግሞ ከአገር አትውጣ፤ ስትመለስ አየር መንገዱ ሊከለክልህ ይችላል።

ሌላው ጥያቄ፦ "የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይሠራል?"

ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ ለስድስት ወር ይሠራል። ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ።

የመጨረሻው የአንድ አባት ጥያቄ ነበር፦ "ቤተሰብ ቢታመም፣ ልጁ መጥቶ ቢቆይስ?"

ይምጣ፤ ለዚህ ማንም አይከለክለውም። ግን ከጀርመን ውጭ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የመኖሪያ ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ ማንም ሳይሰርዘው ማለት ነው። የሚቆይ ከመሰለው ስድስቱ ወር ሳያልቅ፣ እዚሁ ሆኖ፣ ፈቃዱን ለሰጠው ቢሮ ጽፎ ረዘም ያለ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ የመመለሻ ትኬቱን አይሰርዝ።